በግንፍሌ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የቆመው አንቴናዬ

ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ቁልቁል ከሚወርደው መንገድ ወደ ውስጥ ታጥፎ በሚገባ ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ዳር የአክስቴ ግቢ ይገኛል። ግቢው ቤቱን ሳይጨምር ሰባት ሜትር በዘጠኝ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዚያም ላይ የውሃ ታንከሩ፣ ማድ ቤቱ፣ የልብስ ማስጫው ገመድና አክስቴ ለዓመታት የተንከባከቧቸው የጤና አዳምና የጽጌረዳ መደቦች ድርሻቸውን ወስደዋል። በዚህ ግቢ ውስጥ የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ፣ ማለትም ከሌሎች አማተሮች ጋር በሬዲዮ ሞገድ የምነጋገርበትን የግል ጣቢያ፣ ለማቋቋም ስነሣ የገጠመኝ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛውን ሬዲዮ ልግዛ የሚለው ሳይሆን አንቴናው የት ይቆማል የሚለው ነበር። በ14 ሜጋኸርዝ ለመሥራት አግድም የሚዘረጋው ዳይፖል አንቴና ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ሞገዱ ሩቅ አገር እንዲደርስ ከተፈለገ ደግሞ ከመሬት ቢያንስ 10 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። እኔ ሁለቱም አልነበሩኝም። በሞተር የሚሽከረከረው ባለብዙ ዘንግ አንቴናማ ረጅም የብረት ምሰሶ ስለሚጠይቅ ለእንደዚህ ያለ ሰፈር የሚታሰብ አይደለም። ቀጥ ብሎ የሚቆመው አንቴና ግን አንድ ክንድ የማይሞላ መቆሚያ ይበቃዋል። እርሱን መርጬ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል፤ በእነዚህ ዓመታትም ደጋግሜ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ወደ ሰማይ ተገትሮ የሚታየው ዘንግ የአንቴናው ግማሽ ብቻ መሆኑንና የሚያለፋው ሥራ ሁሉ ያለው በማይታየው ግማሽ ላይ መሆኑን ነው።

ማንኛውም አንቴና የኤሌክትሪክ ጅረቱ የሚመላለስባቸው ሁለት ወገኖች ያስፈልጉታል። ዳይፖል ሁለቱንም በግልጽ ይዟል፤ ግራ ክንድና ቀኝ ክንድ አለው። ቀጥ ብሎ የሚቆመው አንቴና ግን የሞገዱን ርዝመት ሩብ ብቻ ወደ ላይ ዘርግቶ ሌላውን ክንድ ከመሬት ይበደራል። ጉሊየልሞ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1895 በአባቱ ርስት ላይ ሙከራ ሲያደርግ፣ የማሰራጫውን አንድ ጫፍ ከመሬት አገናኝቶ ሌላውን ከፍ አድርጎ በመስቀሉ ነበር ምልክቱን ከኮረብታው ማዶ ማሳለፍ የቻለው። መሬት ግን ቸር አበዳሪ አይደለም፤ ባበደረው ልክ ወለዱን ይቆርጣል። ወደ አፈሩ የገባው ጅረት ወደ አንቴናው ሥር ለመመለስ በሚያደርገው ጉዞ አፈሩን እያሞቀ ስለሚመጣ፣ ወደ ሰማይ መሄድ የነበረበት ኃይል እዚያው ይቀራል። መፍትሔው ከአንቴናው ሥር ተነሥተው እንደ ጃንጥላ አጥንት በየአቅጣጫው የሚዘረጉ ሽቦዎችን ማንጠፍ ነው፤ ጅረቱ በአፈሩ ፋንታ በሽቦው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1937 ብራውን፣ ሉዊስና ኤፕስታይን የተባሉ አርሲኤ የተሰኘው የአሜሪካ የሬዲዮ ኩባንያ መሐንዲሶች የሽቦዎቹን ቁጥርና ርዝመት እየቀያየሩ ለክተው ባሳተሙት ጥናት ላይ በመመሥረት፣ በአሜሪካ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች 120 ሽቦ መቅበርን እንደ ደንብ ይዘውት ኖረዋል። በአክስቴ የጽጌረዳ መደብ ውስጥ 120 ሽቦ እንደማልቀብር ግን ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር።

ዘንጉን የሠራሁት አንዱ በሌላው ውስጥ ከሚገቡ ሦስት የአሉሚኒየም ቱቦዎች ሲሆን፣ ሁለቱን ከመርካቶ አዲስ ገዝቼ ሦስተኛውን ከምናለሽ ተራ ከአሮጌ ብረታ ብረት መካከል አገኘሁት። ከሥሩ የሚያርፍበትና ከብረት የሚለየው ማገጃ ወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ ነው፤ ከማድ ቤት ዕቃ መሸጫ ገዝቼ በልኩ ቆርጬ በስቼዋለሁ፤ እስካሁንም አልተሰነጠቀም። ብሎኑ፣ ዳዶውና ራንዴላው ሁሉ የማይዝግ ብረት እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ፤ መዳብ ከአሉሚኒየም ጋር በቀጥታ ተነካክቶ ዝናብ ሲያገኘው አሉሚኒየሙ ይበላል፤ በሁለቱ መካከል የማይዝግ ራንዴላ ማስገባት ግን ያንን ጉዳት በእጅጉ ይቀንሰዋል። ልኩን ለማግኘት የሚረዳው ስሌት 71.5 ቁጥርን በሚፈለገው ሜጋኸርዝ ማካፈል ነው። እኔ ማሳጠር ከማስረዘም ይቀላል ብዬ 5 ሜትር ከ20 አድርጌ ጀመርኩ፤ መለኪያው የአንቴናው ልክ 13.75 ሜጋኸርዝ ላይ መሆኑን ሲያሳየኝ የላይኛውን ቱቦ ትንሽ በትንሹ እያስገባሁ 5 ሜትር ከ5 ሳንቲም ላይ ስደርስ 14.15 ላይ አረፈ። ያንን ቀን አልረሳውም፤ በወረቀት ላይ የነበረ ማካፈል በእጄ ላይ ባለ ብረት ተረጋግጦ ማየት ልዩ ደስታ አለው።

መጀመሪያ ያቆምኩት በግቢው ጥግ፣ በውሃ ታንከሩና በአጥሩ መካከል መሬት ላይ ነበር። ከሥሩ አራት ሽቦዎች ዘረጋሁ፤ ሁለቱ ሦስት ሜትር ሳይሞሉ አጥሩ አስቆማቸው። ከዚያ የኤስ.ደብሊው.አር. መለኪያውን አየሁ፤ ይህ ቁጥር ከሬዲዮው ወጥቶ ወደ አንቴናው ከሚሄደው ኃይል ምን ያህሉ ተንጸባርቆ እንደሚመለስ የሚጠቁም ሲሆን፣ ምንም የማይመለስ ከሆነ 1 ይሆናል። የእኔ 1.1 ነበር። ከዚህ የተሻለ ሊገኝ እንደማይችል አምኜ ሳምንቱን ሙሉ ጠራሁ። የሚመልስልኝ ግን ጥቂት ነበር፤ የሚመልሱትም ድምፄን ከጫጫታ ውስጥ በጭንቅ እንደሚለዩት ይነግሩኝ ነበር። ከኢትዮጵያ የሚወጣ ጣቢያ ብርቅ ስለሆነ፣ በኢቲ የሚጀምር የጥሪ ምልክት፣ ማለትም የጣቢያው መለያ ስም፣ በአየር ላይ በተሰማ ቁጥር ብዙ ጣቢያዎች ተሽቀዳድመው ይመልሳሉ፤ ድምፅ በድምፅ ላይ ይከመራል። እኔን ያልመለሱልኝ እኔን ስላልሰሙኝ እንጂ ስላልፈለጉኝ እንዳልሆነ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም።

ዘንጉን ወደ ጣሪያ የማውጣት ሐሳብ የመጣልኝ ከዚህ በኋላ ነው። የአክስቴ ቤት አሮጌ የጭቃ ቤት ሲሆን፣ ጣሪያው እንደ አብዛኛው የሰፈራችን ቤት ቆርቆሮ ነው። መሬት ላይ ሳለሁ ያ ቆርቆሮ ጠላቴ ነበር፤ ዘንጌ በቆርቆሮ በተከበበ ጉድጓድ ውስጥ እንደቆመ ያህል ነበርና። ጣሪያው ላይ ግን በአንድ ጊዜ 60 ካሬ ሜትር የሚሆን ብረት ከሥሬ አገኘሁ፤ ማንም ሰው በሽቦ ለመሥራት ሲደክምበት የሚኖረው ወለል እዚያ ተነጥፎ ይጠብቀኝ ነበር። ጣሪያ ላይ ስሄድ ሞራሌው ያለበትን የምስማሮቹን መስመር እየተከተልኩ ነበር የምረግጠው፤ ከመስመሩ የወጣ እግር ቆርቆሮውን ያጎብጠዋል። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን አጣና ከወጋግራው ጋር አጥብቄ አስሬ ዘንጉን በእርሱ ላይ ካቆምኩ በኋላ፣ በሦስት አቅጣጫ በናይለን ገመድ ወጠርኩት፤ ገመዱ ዘንጉን በሚነካበት ቦታ ላይ የካላማዳሪያ ቁራጭ ጠቀለልኩ። ከአንቴናው ሥር የሚወጣውን የመልስ ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር አገናኘሁና ወርጄ ለካሁ። መለኪያው 1.4 አለኝ።

ለሁለት ቀናት አዘንኩ። ጣሪያ ላይ የወጣሁበት ድካምና ለአክስቴ የሰጠሁት ዋስትና ሁሉ ነገሩን ለማበላሸት የዋለ መሰለኝ። የገባኝ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነው። ፍጹም በሆነ የብረት ወለል ላይ የቆመ ሩብ ሞገድ አንቴና ወደ 36 ኦም የሚጠጋ ተቃውሞ ሲኖረው፣ ሬዲዮውና ገመዱ የተሠሩት ለ50 ኦም ነው። መሬት ላይ ሳለ በእነዚያ 36 ኦሞች ላይ 19 ኦም ያህል የአፈር ብክነት ተደምሮ 55 ሲሆን፣ 55 ለ50 በጣም ስለሚቀርብ መለኪያው 1.1 እያለ ያመሰግነኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ከማስተላልፈው ኃይል ከሦስት እጅ አንዱ የአክስቴን የጽጌረዳ ሥር የሚያሞቅ ነበር። ጣሪያው ላይ ብክነቱ ወደ ምንም ሲጠጋ የቀረው 36 ኦም ብቻ ነው፤ 50 ለ36 ሲካፈል 1.4 ያህል ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ የከፋው አንቴናው ስለተሻለ ነው። ይህን ጉዳይ አጥብቄ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ቀጥ ያለ አንቴና የሚያቆም ጀማሪ ሁሉ ይህንን መለኪያ እንደ ዳኛ ያየዋል፤ መለኪያው የሚናገረው ግን ኃይሉ ወደ አንቴናው መግባቱን እንጂ ከገባ በኋላ ወዴት እንደሄደ አይደለም። ወደ 50 ማምጣት የፈለገ ሰው የመልስ ሽቦዎቹን ወደ ታች 45 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብላቸው ይደርሳል፤ እኔ ግን 1.4 ያለውን እንዳለ ተውኩት፤ ለሬዲዮውም አይከብደውም።

ማስረጃ ስለምፈልግ በሁለት መንገድ ሞከርኩ። አንደኛው ማዳመጥ ነው። በ14.100 ሜጋኸርዝ ላይ በዓለም ዙሪያ የተተከሉ 18 ጣቢያዎች በየተራ ለ10 ሰከንድ ያህል የጥሪ ምልክታቸውን በሞርስ ያሰማሉ፤ ዙሩ በሦስት ደቂቃ ይጠናቀቃል። እያንዳንዱ ጣቢያ ስሙን በ100 ዋት ካሰማ በኋላ አራት ረጃጅም ድምፆችን በ100፣ በ10፣ በ1 እና በአንድ አሥረኛ ዋት ያስከትላል። ከጎረቤታችን ከኬንያ የሚመጣው 5ዜድ4ቢ የሚባለው ነው። መሬት ላይ ሳለሁ ከእርሱ የምሰማው የ100 ዋቱን ብቻ ሲሆን፣ ጣሪያ ላይ ከወጣሁ በኋላ የ10 ዋቱ ጥርት ብሎ፣ አንዳንድ ምሽት ደግሞ የ1 ዋቱ ከጫጫታው በላይ ብቅ ብሎ ይሰማኝ ጀመር። እርግጥ ነው፣ ለዚህኛው መሻሻል አብላጫውን ምስጋና የሚወስደው ዘንጉ ከቤቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች መራቁ ነው። ሁለተኛው መንገድ የማስተላለፍ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ የሆነውና ራሱም አማተር የሆነው ጆ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ባደረገው ዊስፐር በተባለው ዘዴ፣ በጥቂት ዋት የተላከ ምልክት የት የት እንደተሰማና በምን ያህል ጥንካሬ እንደተሰማ በኢንተርኔት ይመዘገባል። ሁለቱን አቋቋሞች በተመሳሳይ ሰዓት ለበርካታ ምሽቶች ሳነጻጽር ልዩነቱ በአማካይ 6 ዴሲቤል ያህል ሆኖ አገኘሁት፤ ይህ የሬዲዮውን ኃይል አራት እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። ያለ አንድ ብር ማጉያ ከጣሪያ የተገኘ አራት እጥፍ መሆኑ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ቆርቆሮ ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ ከዚህ በፊት የጻፍኩት ሁሉ ቀላል እንዳያስመስለው እፈራለሁ። አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ተደርቦ በምስማር የተመታ እንጂ አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ በመካከሉ ዝገትና ቀለም አለ። ሰፊው መደራረብ በእነዚህ የሞገድ ርዝመቶች ላይ ጅረቱን ያለ ቀጥተኛ ንክኪም ቢሆን ያሳልፋል፤ ችግሩ ዝገቱ ላይ ነው። የዛገ መገናኛ ጅረትን ወደ አንድ ወገን ከሌላው ይልቅ አሻሽሎ ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ንጹሑን ሞገድ ተቀብሎ ሌላ የማይፈለግ ሞገድ ይወልዳል። እኔ ዘንጉ ዙሪያ ያሉትን ስምንት ቆርቆሮዎች በቀጭን የብረት ቁራጭና በማይዝግ ብሎን እርስ በርስ አያይዤ፣ ከላያቸው ደግሞ ጫፋቸው ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚያልፍ ስምንት የተሸፈኑ ሽቦዎች ዘረጋሁ።

በዚህ ሥራ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ሌላው እንዳይደግመው በግልጽ እናገራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት የመልስ ሽቦውን ያገናኘሁት ራቁቱን መዳብ በቀጥታ ከዚንክ ቆርቆሮው ጋር በምስማር አጣብቄ ነበር። አንድ ክረምት አለፈበት። መስከረም ላይ ስወጣ መዳቡ አረንጓዴ ለብሶ፣ ዙሪያው ነጭ ዱቄት ሆኖ፣ ቆርቆሮው በትንሽ ሳንቲም ልክ ተበልቶ አገኘሁት፤ ውሃው በዚያ ቀዳዳ ገብቶ በአክስቴ አልጋ ራስጌ ያለውን ግድግዳ አርጥቦታል። አክስቴ ሳይቆጡ «ለእኔ ግድግዳው ይደርቃል፤ አንቺ ግን ከዚህ በኋላ ሳታስቢ አንድ ምስማር እንዳትመቺ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማገናኛው ሁሉ የማይዝግ ብሎን ሆኗል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከላይ የጎማ ማሸጊያ አለው፤ በዓመት ሁለት ጊዜም፣ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ፣ ወጥቼ አያለሁ።

የማይታየው ግማሽ ደካማ በሆነ ጊዜ ቦታውን ሌላ ነገር እንደሚይዘው የተረዳሁት በቴሌቪዥን ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት በተናገርኩ ቁጥር የአክስቴ ቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ ይንጫጫ ነበር። ምክንያቱ የመልስ መንገድ ያጣው ጅረት ሬዲዮውን ከአንቴናው ጋር በሚያገናኘው በኮአክሲያሉ ገመድ የውጭ የብረት ሽፋን ላይ ተሳፍሮ ወደ ቤት ውስጥ መግባቱ ነው፤ ገመዱ ሳይታሰብ የአንቴናው ሁለተኛ ክንድ ሆኗል። ይኸው ገመድ በተራው የቤቱን ጫጫታ ተሸክሞ ወደ ሬዲዮው ያመጣል። በአንቴናው ሥር ገመዱን ፌራይት ከሚባል መግነጢሳዊ ቁስ በተሠራ ቀለበት ላይ ደጋግሜ ጠምጥሜ ሳሳልፈው ቴሌቪዥኑ ዝም አለ፤ በሬዲዮው ላይ የነበረውም ጫጫታ በግልጽ ቀነሰ። ገመዱን በተመለከተ ሌላ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ 18 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭኑ አርጂ58 በ14 ሜጋኸርዝ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን በመንገድ ያስቀረዋል፤ አቅም ያለው ሰው ወፍራሙን ይግዛ።

በከተማው መሐል ቀጥ ያለ አንቴና ያለው ሰው የሚከፍለው ትልቁ ዋጋ ጫጫታ ነው። የርካሽ አምፖሎች፣ የስልክ ቻርጀሮችና የኢንቨርተሮች ብናኝ ሞገድ በአብዛኛው የሚደርሰን ቀጥ ብሎ በቆመ አቅጣጫ ስለሆነ፣ ቀጥ ያለው ዘንግ ከአግድሙ ይልቅ አብዝቶ ይሰበስበዋል። በሬዲዮዬ የምልክት ጥንካሬ መለኪያ ላይ ምንም ጣቢያ በሌለበት ጫጫታው ብቻውን 7 ቁጥር ላይ ይቆማል። ታዲያ ባለፈው ዓመት በአንድ ምሽት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም፣ በ21 ሜጋኸርዝ ላይ እያዳመጥኩ ሳለ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሬዲዮዬ በመኪና ባትሪ ስለሚሠራ አልጠፋም። መርፌው ከ7 ወደ 2 ሲወርድ አየሁት። እያንዳንዱ እርከን 6 ዴሲቤል ስለሆነ አምስቱ እርከኖች 30 ዴሲቤል ናቸው፤ ጫጫታው በአንድ ቅጽበት አንድ ሺህ ጊዜ አነሰ ማለት ነው። ሲፈላ የነበረ ድስት ከእሳት ላይ ሲወርድ ያለው ዓይነት ጸጥታ ነበር፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሁልጊዜ እዚያ የነበሩ፣ እኔ ግን ሰምቻቸው የማላውቅ ድምፆች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ከደቡብ ብራዚል አንድ ሽማግሌ በዝግታ ይጠራ ነበር። ባትሪውን ለመቆጠብ ኃይሉን ወደ 20 ዋት ዝቅ አድርጌ፣ በሻማ ብርሃን መዝገቤ ላይ ሰዓቱን እየጻፍኩ መለስኩለት። ከዘንጉ ጎን ሌላ 3 ሜትር ከ37 ሳንቲም የሚሆን ሽቦ ለ21 ሜጋኸርዝ አቁሜያለሁ፤ ያ ቀጭን ሽቦና የአክስቴ ቆርቆሮ አትላንቲክን አሻገሩኝ። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ለ40 ደቂቃ ያህል ከስምንት ጣቢያዎች ጋር ተነጋገርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ያሉትን ቻርጀሮች አንድ በአንድ እየነቀልኩ ጫጫታ የሚያመጡትን ለይቼ በሌላ ተክቻቸዋለሁ፤ የራሴን ቤት ብቻ በማጽዳት ከ7 ወደ 5 ወርዷል።

በነገራችን ላይ በመዝገብ ላይ ሰዓት መጻፍ ለእኛ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዓለም አማተሮች ሁሉ የሚጽፉት መነሻው ግሪንዊች በሆነው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፣ የእኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በመዝገቡ 18 ሰዓት ነው፤ ቀኑና ወሩም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሆናል። ግንኙነቱ መደረጉን የሚያረጋግጠው ካርድ በሚላክበት ጊዜ አንድ ሰዓት ስሕተት ሙሉውን ግንኙነት ዋጋ ያሳጣዋል።

ቀጥ ያለው አንቴና የማይችለውን ነገር ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆንብኛል። ይህ ዘንግ ኃይሉን የሚበትነው እንስራ እንደሚቀመጥበት ማቶት ክብ አድርጎ፣ ወደ አድማስ ዝቅ ባለ ማዕዘን ሲሆን፣ ከራሱ በላይ ባለው ሰማይ ላይ ባዶ ቀዳዳ አለው። ለዚህ ነው ወደ ሩቅ አገር የሚበረታው። ሐዋሳ ወይም ጅማ ካለ ሰው ጋር በ7 ሜጋኸርዝ ለመነጋገር ግን ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ በቅርብ መመለስ ስላለበት፣ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ተራ ዳይፖል ከዘንጉ እጅግ ይሻላል። አገር ውስጥ መነጋገር ዋና ዓላማው የሆነ ሰው ቀጥ ያለ አንቴና ባይሠራ ይሻለዋል።

ስለ ሰማያችንም ጥቂት ልበል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ከአዲስ አበባ ሰማይ እምብዛም ሳይርቅ ያልፋል፤ በአራት ኪሎ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያም ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ይህንኑ መግነጢስ ሲለካ ኖሯል። ከዚህ ወገብ በላይ ያለው፣ ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው የአየር ንብርብር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይታመሳል፤ ስለዚህ አንዳንድ ምሽት ከአውሮፓ የሚመጣ ድምፅ ከውሃ ሥር እንደሚወጣ ይንቀጠቀጣል። ጀማሪ ሆኜ ይህ ጥፋት የአንቴናዬ መስሎኝ ብሎን ሳጠብቅ አድሬያለሁ። በሌላ በኩል ፀሐይ እ.ኤ.አ. በ2024 የ25ኛውን የእንቅስቃሴ ዑደቷን ከፍተኛ ምዕራፍ በመያዟ፣ በእነዚህ ዓመታት በ28 ሜጋኸርዝ ላይ 2 ሜትር ተኩል በሆነች ሽቦ እንኳ ብዙ መሥራት ተችሏል።

ይህን ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ አይገባም። ማዳመጥ ብቻውንም ቢሆን ትልቅ ትምህርት ነው። አምስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ምልክት የሚታወቀው የአማተሮች ማኅበር ጣቢያ ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ ደጅ ሆኗል።

የደኅንነቱን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው በሰፈራችን የኤሌክትሪክ መስመር ዝቅ ብሎና ተጠላልፎ ስለሚያልፍ ነው። ዘንጉ ቢወድቅ በየትኛውም አቅጣጫ መስመር እንዳይነካ፣ ከቁመቱ ቢያንስ ሁለት እጥፍ ርቀት መኖሩን በገመድ ለክቼ ነው ያቆምኩት፤ ይህ ርቀት በማይገኝበት ግቢ አንቴናው ቢቀር ይሻላል። በምናገርበት ጊዜ በዘንጉ ጫፍ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚኖር ማንም ወደ ጣሪያው እንዳይወጣ መሰላሉን ቆልፌ አስቀምጣለሁ። መብረቅን በተመለከተ ደግሞ ጎረቤታችን የሆኑት እናት ዘንጉን ጣሪያ ላይ ባዩት ቀን በአጥሩ በር ቆመው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይኼ የተገተረው ነገር መብረቅ አይጠራብንም?»

«እማማ፣ አይጠራም ብዬ አልዋሽዎትም፤ ረጅም ነገር ሁሉ ይመታል። ደመና በመጣ ቁጥር ግን ገመዱን ከቤት ነቅዬ ወደ መሬት አስረዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔም አስታውስሻለሁ» አሉ።

ገመዱ ወደ ቤት በሚገባበት ግድግዳ ሥር ሁለት ሜትር የሚሆን የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሬ የገመዱን ሽፋን በወፍራም ሽቦ ከእርሱ ጋር አያይዣለሁ፤ በነጎድጓድ ጊዜ ደግሞ ገመዱን ከሬዲዮው ፈትቼ ወደ ውጭ አወጣዋለሁ። ይህ በቀጥታ ከሚወርድ መብረቅ ያድናል ብዬ አላምንም፤ በአቅራቢያ ሲወድቅ በገመዱ ላይ ከሚነሣው ኃይል ግን ሬዲዮውን ይጠብቃል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በ14 ሜጋኸርዝ ከአንድ የፊንላንድ ጣቢያ ጋር እየተነጋገርኩ ሳለሁ በጆሮዬ ውስጥ እንደ ቆሎ የሚንጣጣ ድምፅ ጀመረ። በመስኮት ሳይ እንጦጦ ላይ ያለው ደመና ጠቁሯል። ተሰናብቼ ገመዱን ፈታሁና በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ አውጥቼ ከመዳቡ ዘንግ ጋር ሳጠብቀው፣ ከአጥሩ ማዶ ልብስ የሚሰበስቡት የእማማ ድምፅ መጣ።

«ነቀልሽው?»

«ነቅያለሁ፣ እማማ።»